ወንድሜን ያሳመመው ምጡ ነው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከዘጌ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሲወለድ እናቴ ሁለት ሌሊት አምጣለች። ጣና ተናውጦ ጀልባ ስላልተነሣ ባሕር ዳር የደረሰችው በሦስተኛው ቀን ነው። ሕፃኑ ታፍኖ ተወለደ፤ ቶሎም አላለቀሰም። 22 ዓመት ሲሞላው ትምህርቱን ትቶ መጣ። ማንም የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ ቡናውን መርዛችሁታል ብሎ አይጠጣም። ሐኪም ስኪዞፍሬንያ ነው አለን። እናቴ «በጊዜ ብነሣ ኖሮ» እያለች ታለቅሳለች። እውነት ጥፋቱ የእሷ ነው? በሰላም የተወለድኩት እኔስ ያሰጋኛል? (የ19 ዓመት ወጣት)

መልስ፦ አንተ ልጅ፣ ይህን መጀመሪያ ለእናትህ አንብብላት። እኔ 11 ዓመት አዋላጅ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ኋላ የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ሆንኩ። ጥያቄህ በሁለቱም በኩል ያገኘኛል።

ግንኙነት አለ፤ አልዋሽህም። በምጥ ጊዜ አየር ያጠረው አንጎል ሊጎዳ ይችላል፤ ታፍነው በተወለዱ ሰዎች ላይም ይህ ሕመም በመጠኑ ይበዛል። «ይበዛል» ሲባል ግን ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በሽታው በዕድሜ ዘመናቸው የሚይዛቸው ከ100 ሰው አንድ እንኳ አይሞሉም። ምጥ ሲከብድ እጥፍ ይሆናል ብንል፣ ከ100 ሁለት አይሞላም። አፍንጫው ላይ ጭንብል ደፍቼ አየር እየነፋሁ ያተረፍኩት አንድ ሕፃን ዛሬ እዚሁ ባጃጅ ይነዳል። እናቱ ነግራዋለች፤ ከሒሳቡ ግን አንድ ብር አይቀንስልኝም።

ደግሞ አንዳንዴ ምጡ የሚከብደው ፅንሱ አስቀድሞ በደንብ ስላላደገ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1944 እስከ 1945 በሆላንድ ረሃብ ነበር፤ በዚያ ወቅት የተፀነሱት ሲያድጉ ስኪዞፍሬንያ በእጥፍ ገደማ ታይቶባቸዋል። እነሱን የነካቸው ገና በማኅፀን ሳሉ ነው። የጤነኛ ልጅ እናት ምጧን ትረሳዋለች፤ ልጇ የታመመባት ግን ያችን ሌሊት ሰዓት በሰዓት ትቆጥራለች። እናትህ ነፋሱን ልታቆመው ነበር?

ወደ አንተ ስመለስ፣ በሰላም መወለድህ ብዙም አይከልልህም። ከምጥ ይልቅ ዘር ይከብዳል፤ ወንድም ወይም እህት ለታመመበት ስጋቱ ከ100 ወደ 9 ይጠጋል። የሚበዙት አይታመሙም፤ ቢሆንም አንተ ሐሺሽ የሚባል ነገር አትንካ፣ ጫቱም ይቅርብህ። እንቅልፍ እምቢ ካለህ፣ ሰው ሁሉ ስለ አንተ የሚያወራ ከመሰለህ፣ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ወንድምህ ጠበል ይሂድ፤ ግን ኪኒኑን እንዳያቋርጥ አጥማቂውን ቀድማችሁ አነጋግሩ። በቡናው ጉዳይ አትከራከሩት (ዘጌ ተወልዶ ቡና እምቢ ማለት እንደሚያናድድ አውቃለሁ)። ፍሬውን ራሱ ይቁላ፣ ራሱ ይውቀጥ፣ ራሱ ያፍላ። ባይጠጣም ዝም በሉት፤ ነገም ጀበናውን ስጡት።