የአያታችንን ቤት እናፍርሰው ወይስ እንጠግነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። አያታችን በራስ ኃይሉ ዘመን ያሠሩት ቤት አለን። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ፊት ለፊቱ በጣውላ ጌጥ የተሠራ በረንዳ አለው። ወንድሞቼ አፍርሰን ፎቅ እንሥራ ይላሉ። ካልሆነም ግድግዳውን በሲሚንቶ እናስለስነው ነው የሚሉት። ለንደን ያለችው እህታችን ደግሞ እንዳትነኩት ብላ በስልክ ታለቅሳለች። እሷ የምትኖርበት የቪክቶሪያ ዘመን ቤት መስኮቱን ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ይጠየቅበታል አለችን። የእኛ ጭቃ ቤትስ ቅርስ ይባላል? ምን ይሻለናል?
የልጅ ልጃቸው

መልስ፦ እታለም፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሲሚንቶው ልጀምር፣ እሱ አያድርም። በምንም ዓይነት እንዳታስለስኑት!

ጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ሲለብስ መውጫ ያጣል። ሲሚንቶው መሰንጠቁ አይቀርም፣ የክረምቱ ውኃም በዚያው ስንጥቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። እንዲህ የተለሰነ ግድግዳ ስንት ጊዜ አስከፍቻለሁ። ከውጭ ሲያዩት ደረቅና ጠንካራ ነው። በጣት ሲያንኳኩት ግን ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ልስኑ እንደ ቂጣ ሙሉውን ይነሳል፣ ከኋላው ያለው ጭቃ እርጥብ ነው፣ የቋሚው እግር በጥፍር ሲጭሩት ይፈረፈራል። ምስጡም እርጥብ እንጨት ነው የሚወደው። ቤቱ ቆሞ የሚታየው ሲሚንቶው ይዞት ነው እንጂ እንጨቱ ካለቀ ቆይቷል።

እህትሽ ያለችውም እውነት ነው፣ የመስኮቱ ሕግ ከሰፈር ሰፈር ቢለያይም። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 ነገሠች። ያ ዘመን ባቡር ከከተማ ወጣ ያለውን መሬት ከመሀል ጋር ያገናኘበት ነው። ግንበኛው መሬት ይዞ፣ ብዙ ጊዜም በብድር ገንዘብ፣ አንድ ዓይነት ቤት በረድፍ ይሠራና ያከራያል። ተከራዩ ጸሐፊው፣ ባለ ሱቁ፣ የቢሮ ሠራተኛው ነበር። የመሳፍንት ቤት አይደለም፤ ተራ ሰው የኖረበት ነው። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ይህን ዘመን ለረጅም ጊዜ ንቀውት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 የዩስተን ባቡር ጣቢያን ትልቅ የድንጋይ በር ስንት ሰው እየጮኸ ማፍረስ ጀመሩ። ቤት ለብቻው ሳይሆን ሰፈሩ በሙሉ እንዲጠበቅ የሚያደርገውን ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ደግሞ የእነሱ ጡብ የተያያዘው በኖራ ስለሆነ፣ ዛሬ መጋጠሚያውን በሲሚንቶ የሞላ ሰው ጡቡ ፊቱ እየተላጠ ይወድቅበታል። ያው የእናንተው ጣጣ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ንግሥት ቪክቶሪያና የእኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያረፉት በአንድ ወር ነው፣ ጥር 1893 ዓ.ም.። መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ያሰኙት ንጉሥ ማለቴ ነው። የእናንተ ቤት በልጃቸው በራስ ኃይሉ ዘመን ስለተሠራ ከእህትሽ ቤት በዕድሜ ትንሽ ያንሳል። ክዳኑ ግን ከዚያው አገር ጋር ያዘምደዋል። ቆርቆሮ እ.ኤ.አ. በ1829 ለንደን ውስጥ የተፈለሰፈ ነገር ነው። የመኪና መንገድ ባልነበረበት ጊዜ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ጎጃም የደረሰ ቆርቆሮ ምን ያህል እንደተለፋበት አስቢው። ስለዚህ አሮጌውን ቆርቆሮ ለቁራሌው እንዳትሰጡት። ወፍራም ነው፤ ዛሬ ከምትገዙት ይሻላል።

ቅርስ ነው ወይ ላልሽው፣ ለእኔ ነው። በሕግ ግን መመዝገብ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ በራሱ ወጪ ይጠብቀዋል፣ ያለ ፈቃድም አይጠግነውም። ወንድሞችሽ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ እውነቱን መደበቅ ግን አልወድም። ሄዳችሁ የዞኑን ባህልና ቱሪዝም አነጋግሩ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ የቤቱን ፎቶ፣ ልኩንና ያለውን አሮጌ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ጎረቤቶቻችሁም ተመሳሳይ በረንዳ ካላቸው አብራችሁ ሂዱ። አንድ ቤት ብቻውን ሲቀር ዙሪያው በፎቅ ይታጠርና ጥላ ይውጠዋል፣ ረድፉ ሲቆም ግን ሰፈር ይሆናል።

ጥገናው እንደምትፈሩት ውድ አይደለም። የበሰበሰውን የቋሚ እግር ቆርጦ፣ በጽድ ወይም በወይራ ቀጥሎ፣ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ የሚያውቅ አናጢ ፈልጉ። በከተማው ካጣችሁ ወደ ገጠሩ ወጣ በሉ፣ ሽማግሌ አናጢ አይጠፋም። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ ቢያንስ ሳምንት አሳድሩት፣ በየመሀሉም ይረገጥ። በችኮላ የተመረገ ጭቃ ይሰነጠቃል። ምርጊቱ በደንብ ሲደርቅ ኖራ ቀቡት።

ለወንድሞችሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው። ጓሮው ሰፊ ከሆነ ፎቁ እዚያ ይሠራ፣ የፊቱ ቤት ሱቅ ወይም ቡና ቤት ሆኖ ይከራይ። ግን መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፕላኑን ይዩ። መንገድ የሚሰፋው በበረንዳው በኩል ከሆነ ክርክራችሁ በሙሉ ከንቱ ነው።

ክረምቱ ሳይገባ አሸንዳውን አስተካክሉ። ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ ከግድግዳው ሥር ራቅ ብሎ ይፍሰስ። የቋሚዎቹን እግር ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝ የትኛው መቀጠል እንዳለበት እነግርሻለሁ።