ኮሶ ልጠጣ ወይ ላልሽው እህቴ፦ የማን እፍኝ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአምስት ወር ልጅ እያጠባሽ የኮሶ ትል ታየሽ፤ አማትሽ ከገጠር የደረቀ የኮሶ አበባ አስመጥተው «ነገ በባዶ ሆድሽ ጠጪው፣ ጠርጎ ነው የሚያወጣው» አሉሽ፤ ባለቤትሽ ደግሞ «የባላገር መድኃኒት እኔ ቤት አይገባም» ብሎ ተቆጣ። ማንን ልስማ ነው ያልሽው። እኔ ኮሶ ሦስት ጊዜ ጠጥቻለሁ፣ ስለዚህ በራሴ ሆድ ያየሁትን ልንገርሽ።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ከጓሯችን ጥግ አንድ የኮሶ ዛፍ ነበረ፣ ሴቴው። እናቴ ወንዴውን ዞር ብላም አታየው፤ መድኃኒቱ ቀላ ብሎ እንደ ዘለላ ወደ ታች የሚንጠለጠለው የሴቴዋ አበባ ነው። አድርቃ ታስቀምጠዋለች፣ ሲያስፈልግ ወቅጣ ማታ በውሃ ትዘፈዝፈዋለች። ጠዋት አተላ የመሰለውን ነገር በጣሳ ይዛ ትመጣና እስክጨርስ ከበሩ ላይ አትነቃነቅም፣ ውጭ ወጥቼ እንዳልደፋው ነው። አፍንጫዬን ይዤ እጨልጠዋለሁ። ምሬቱ ምላስ ላይ አይቀርም፣ ጉሮሮ ድረስ ይከተላል። ከዚያ እህል የለም፤ ሆዴን እየቆረጠኝ፣ ምራቄ እየሞላ ጓሮ ስመላለስ እውላለሁ። ድሮ ትልልቅ ሰዎች እንግዳ ማየት ሲያስጠላቸው «ኮሶ ጠጥተዋል» ያስብሉ ነበር ይባላል። አልፈርድባቸውም፣ ኮሶ የጠጣ ሰው በእውነት ለወሬ አይሆንም።

ሠራ ወይ? ሠርቷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ወጥቶልኛል። ባለቤትሽ እንደሚለው ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ከኛ አገር እያስመጡ ለዚሁ ትል ባልሸጡት ነበር። እዚህ ላይ አማትሽ ልክ ናቸው።

ሦስተኛው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ካገባሁ በኋላ ነው፣ አዲስ አበባ። እንዳንቺ ያ የዱባ ፍሬ የሚመስል ነጭ ነገር ልብሴ ላይ ታየኝ። እናቴ ሩቅ ናት፤ አንዲት ዘመዴ ከገበያ ገዝታ «አንድ እፍኝ ይበቃሻል» ብላ በጥብጣ ሰጠችኝ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሲያስመልሰኝ፣ ሲያስቀምጠኝ፣ ከዚያ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ጤና ጣቢያ ስነቃ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ድርብ ሆኖ ይታየኛል፤ ዓይኔ ሁለት ቀን ሙሉ ብዥ እንዳለ ነበር። ነርሷ «ስንት ነው የጠጣሽው?» አለችኝ። «አንድ እፍኝ» አልኳት።

«የማን እፍኝ?» አለች።

ይኸው ነው እህቴ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሶ ሲነሳ ይቺ ጥያቄ ነች ትዝ የምትለኝ። እናቴ የምትለካው ሁልጊዜ በዚያችው አንድ ሲኒ፣ የምትቀጥፈውም ከዚያው ከምታውቀው ዛፍ ነበር። የገበያው የዘንድሮ ይሁን የካቻምና ማን ያውቃል? ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፣ ትኩሱ ደግሞ ይበረታል። ሲያንስ ትሉ ይቆራረጥና ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከዚያ መልሶ ያድጋል። እኔም ያን ሁሉ ተሠቃይቼ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ታየኝ። ሲበዛ ደግሞ ዓይን እንደሚጎዳ በሕክምና የተመዘገበ ነገር ነው፣ የኔ ብዥታ በሁለት ቀን መልቀቁ ዕድል ነው። ነፍሰ ጡር ጭራሽ አጠገቡ እንዳትደርስ፣ ያስወርዳል። ለምታጠባ ሴትም ያን ያህል ሲያስቀምጥሽና ሲያስመልስሽ ውለሽ ወተቱ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ አትጠጪው። ሰገራሽን ተመርመሪ፣ ለሐኪሙ እንደምታጠቢ ቀድመሽ ንገሪው። ለኮሶ ትል የሚታዘዘው ፕራዚኳንቴል ነው፤ እኔን በአንድ ቀን ገላገለኝ፣ ትንሽ ራሴን ከማዞሩ በቀር። ከፋርማሲ ዝም ብለሽ የወስፋት ክኒን ገዝተሽ እንዳትውጪ፣ ለተራ ወስፋት በአንድ ጊዜ የሚዋጠው አልቤንዳዞል ለኮሶ ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ደግሞ አንዷ ከጥያቄሽ ሥር «የአገር መድኃኒት ሁሉ መርዝ ነው» ብላ ጽፋለች፣ እሱን አልቀበልም። ዳማከሴ ከደጄ ጠፍቶ አያውቅም። ምች ሲመታኝ ቅጠሉን በመዳፌ አሽቼ አሸተዋለሁ፣ ግንባሬን እቀባለሁ፣ ጭማቂውን ጠብ አድርጌ በቡና እጠጣለሁ። ቀለል ይለኛል፤ ሦስት ቀን ያለፈ ትኩሳት ከሆነ ግን ዳማከሴውን ትቼ ወባም ታይፎይድም እንዳይሆን እመረመራለሁ። ለሕፃን ግን ማሸቱም ማጠጣቱም ይቅር። እንዶድንም አስቢ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። አይቶ ዝም አላለም፣ ወስዶ መረመረ፣ ስንቱ ስንቱን እንደሚገድል ለካ። ለኮሶም እንዲህ ለክቶ በሚሊግራም የሚሰጠኝ ቢኖር ነገ እጠጣለሁ።

አማትሽን ደግሞ አታስቀይሚያቸው፣ ካገር ቤት ድረስ ያስመጡት ላንቺ አስበው ነው። «እማማ፣ ሐኪሙ እያጠባሽ አይሆንም አለኝ» በያቸው፤ የዳማከሴ ችግኝ እንዲያመጡልሽ ጠይቂ፣ ደስ ይላቸዋል። ባለቤትሽ ግን በአማትሽ ላይ ከመፎከሩ በፊት አንድ ነገር ይመልስ፦ ትሉ የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ነውና፣ ቁርጥ የበላችሁት አብራችሁ ከሆነ እሱስ ሰገራውን ተመርምሯል?