መልስ፦ ያልተበላ ጥርስ ለምን ይነቃነቃል?
ወንድሜ፣ ፍኖተ ሰላም ያሉት እናትህ ጥርሳቸው ሳይበላ ለምን እንደተነቃነቀ ጠይቀሃል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው ድዱ ላይ ነው። የድድ ሽፋን ሕዋሳት ባክቴሪያ ሲደርስባቸው ኢንተርሉኪን 8 የተባለ ኬሚካል አመንጭተው ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራሉ፤ እብጠቱና መድማቱ ከዚህ ውጊያ የሚመጣ ነው። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለው ባክቴሪያ ግን ተንኮለኛ ነው፦ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፣ ጥሪውንም ያፍናል። ውጊያው ሲራዘም የድድ ሕዋሳት ራሳቸው ኮላጅንን፣ ማለትም ድዱንና ጥርሱን አጣብቆ የሚይዘውን ክር፣ የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ይለቃሉ፤ አጥንት የሚያሟሙ ሕዋሳትም ይነሣሣሉ። ጥርሱ የሚላላው ያኔ ነው።

የአያቴ የወይራ መፋቂያ ጫፉ ሁልጊዜ ደም ነክቶት አይ ነበር፤ እርጅና ነው ብለን አለፍነው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መፋቂያ ከድድ ሥር የደደረውን ቆሻሻ አያወጣም። እባክህ ሳትዘገይ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የጥርስ ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው፤ የስኳር በሽታም የድዱን ሕመም ያባብሳልና እሱንም አብረው ይመርመሩ።