አዲስ ካምፐር ወይስ ያገለገለ?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በዓመት አምስት ሳምንት ያህል የምንጓዝበት፣ አልጋ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ያለው ካምፐር ልንገዛ ነው። አዲስ ከሆነ መበደር ይኖርብናል። ያገለገሉ ሁለትም አግኝተናል፦ አንዱ አራት ዓመቱ ነው፣ ብዙ ተነድቷል። ሌላው አሥራ አንድ ዓመቱ ቢሆንም ኪሎሜትሩ በጣም ትንሽ ነው። የቱን እንውሰድ?

መልስ፦ የአራት ዓመቱን፣ ያውም ውሃ የማያስገባ ከሆነ ብቻ።

የአዲስ ካምፐር ዋጋ ክፉኛ የሚወድቀው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው፤ ዕዳዎ ግን አብሮት አይወድቅም። አዲስ ነው ብለው ከጣጣ ነፃ እንዳይመስልዎ። መንገድ ለመንገድ የሚንቀጠቀጥ ቤት ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመት የቧንቧው መጋጠሚያ ይላላል፣ የቁም ሳጥኑ በር አልገጥም ይላል። በዋስትና ይጠገናል፤ ጋራዥ ቆሞ የሚያልፈውን የዕረፍት ጊዜ ግን የሚተካልዎ የለም።

የአሥራ አንድ ዓመቱ ኪሎሜትር አያማልልዎ። ካምፐር ቆሞ ሲከርም ጎሚኒው ይደርቃል፣ ፍሬኑ ይዝጋል፣ በጄኔሬተሩ ካርቡራተር ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሙጫ ይሆናል። ጎማውም ጥርሱ ሳይበላ ያረጃል። ጎኑ ላይ ካለው ኮድ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2318 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሰባት ዓመት ካለፈው የአዲስ ጎማ ዋጋ ያስቀንሱ።

ሞተሩን ለመካኒክ ይተዉለት፤ እርስዎ ውሃ ያሳድዱ። ከጣሪያው መጋጠሚያ የሚሰርግ ውሃ ዓመታት ተደብቆ እንጨቱን ይበላል፤ ጥገናው አንዳንዴ ከካምፐሩ ዋጋ ይበልጣል። ከአልጋው በላይ ያሉትን ቁም ሳጥኖች ከፍተው ጥግ ጥጉን፣ በጣሪያው መስኮት ዙሪያም ያለውን በአውራ ጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉ። እንደ ራሰ ካርቶን ከሰመጠ በስብሷል። ከዚያ ወጥተው በግድግዳው አንድ ጫፍ ቆመው ወደ ሌላው ጫፍ ይመልከቱ፤ ያበጠ ቦታ ካለ ሽፋኑ ከውስጡ ተላቋል። ጣሪያው ላይ ሰሞኑን የተለቀለቀ ማስቲሽ ካዩ ምክንያቱን ይጠይቁ። የሽቶ ሽታም ደግ ምልክት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሻጋታ ለመሸፈን ነው።

ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው የውሃ ፓምፑን ያብሩ። ግፊቱ ሲሞላ ዝም ማለት አለበት፤ በየደቂቃው ከተነሣ የሆነ ቦታ ይንጠባጠባል። ፍሪጁ በጋዝም የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ስለሚወስድ ሻጩ ከዋዜማው ያብራው። የአሞኒያ ሽታ ወይም ከጀርባው ቢጫ ዱቄት ካለ ማቀዝቀዣው አልቆለታል።

አዲሱ የሚያዋጣው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊይዙት ካሰቡ ነው። ያኔም ቢሆን የሚፈቀድለትን ጭነት ሳያዩ አይፈርሙ፤ 100 ሊትር ውሃ ሲሞሉ 100 ኪሎ ጫኑ ማለት ነው፣ እናንተና ሻንጣችሁ ገና ሳትገቡ።