«ገብቼ ምን ልበላት?» ላላችሁኝ

ባለፈው አንዲት ጀማሪ ሚድዋይፍ «ሲስተር፣ ልጇ ሞቶ የተወለደባት እናት ጋ ስገባ ምን ልበላት?» ብላ ጠየቀችኝ። የመጣልኝን ሁለት ሦስት ነገር ነግሬ ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የነገርኳት ስህተት ስለነበር አይደለም። ጥያቄዋ የቆየ ነገር ስለቀሰቀሰብኝ ነው። ስለዚህ ለእሷም፣ አዲስ ለገባችሁትም ሁሉ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

እኛ ስንጀምር ሕጉ አጭር ነበር። እናትየዋ እንዳታየው። ሕፃኑ እንደወጣ ይጠቀለላል፣ በኋላ በር ይወጣል፣ ለእሷ የሚያስተኛ መርፌ ይሰጣታል። ካላየችው ቶሎ ትረሳዋለች ተብሎ ነው። የአንድ ሰው ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ ድረስ ሠልጥኗል በሚባለው ዓለም በብዙ ሆስፒታሎች የሚደረገው ይኸው ነበር። አንዳንድ ቦታ ከዚያም በኋላ ዘልቋል። እኔ የደረስኩት ጭራው ላይ ነው።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ወሯ የገባ እናት መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሆዷ ውስጥ ዝም ካለባት ቆይቷል። ሐኪሙ አልትራሳውንዱን አየና እዚያው እንደቆመ ነገራት። ከዚያ ምጥ። ሰው የሚረሳው ይሄን ነው፤ ልጁ ሞቷል ተብሎ ምጡ አይቀርላትም። ያንኑ ሕመም ታምጣለች፣ መጨረሻው ብቻ ሌላ ነው።

በምጡ መሃል ጎኗን ስታዞር «ተንቀሳቀሰ! አሁን ተንቀሳቀሰ እኮ!» አለች። እኛ ተያየን። ማንም ምንም አላላትም። ነገሩ ያጋጥማል፣ እናት ስትገላበጥ ሕፃኑ በሽርት ውኃው ውስጥ አብሮ ይዞራል፣ እሷም ይሰማታል። ዛሬ እንዲህ ካለቻችሁ አልትራሳውንዱን ደግማችሁ አሳዩዋት። «አልኩሽ እኮ» በሚል ፊት ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ እያስረዳችሁ። እኛ ያኔ ዝም አልናት፣ እሷ ደግሞ ዝምታችንን ተስፋ አድርጋ ያዘችው።

ሊነጋጋ ሲል ወለደች። ይዞ የመውጣቱ ሥራ የኔ ነበር። ስጠቀልለው አየሁት። ፀጉሩ ጥቁር፣ ብዙ፣ እስከ ማጅራቱ የወረደ። የግራ ጆሮው ጫፍ ታጥፏል፣ ተኝተው ሲነሱ እንደሚታጠፈው። «ምንድን ነው? ወንድ ነው?» አለች። አለቃዬ «አይዞሽ፣ ዋናው አንቺ ደህና መሆንሽ ነው» አለቻት። እኔ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ባሏ አዲስ የሕፃን ልብስ የያዘች ቦርሳ ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። «እሷ ደህና ናት?» ብቻ አለኝ። ደህና ናት አልኩት። እሱን ያን ሌሊት ቁጭ በል ያለው ሰው የለም። አባቶችን ከእናቶቹ እኩል እንረሳቸው ነበር፣ አሁንም እንረሳለን። ፊታቸው ስለማይረጥብ ይሆናል።

ሌላም አለ። ያስተኟት ከወለዱት ጋር ነበር፣ ግራና ቀኟ ሕፃን ያለቅሳል። በሦስተኛው ቀን ወተቷ መጣ፣ የለበሰችው ሁሉ ራሰ። ማንም አስቀድሞ አልነገራትም። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ወተቱን አግዶ የያዘው ሆርሞን ይወርዳል፣ ወተቱ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። ለሰውነት መርዶ አይደርሰውም።

ከዓመታት በኋላ ያቺው እናት ሌላ ልጅ ልትወልድ መጣች። እኔ ረስቻት ነበር፣ እሷ አልረሳችኝም። የደም ግፊቷን እየለካሁ ሳለ «ያኔ ይዘሽው የወጣሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «ፀጉር ነበረው?»

ያን ሁሉ ዓመት ስታስብ የኖረችው ይሄንን ነው። ባሏም አላየውም። ፀጉሩን ነገርኳት፣ የታጠፈውን ጆሮ ነገርኳት። ክንዷ ላይ የታሰረው የግፊት መለኪያ እንዳለ ነው። «እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አለች። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ግፊቷን እንደገና መለካት ነበረብኝ።

ልጅ ነበርኩ፣ የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት፣ እምቢ ብልም የሚሰማኝ አልነበረም። ቢሆንም ይቆጨኛል። ቆይቶ የገባኝ ነገር ግን ያ ሁሉ ጥድፊያ ለእሷ ተብሎ እንዳልነበረ ነው። እኛ ነን ያንን ክፍል ያልቻልነው። የጓሮ በሩም፣ መርፌውም፣ «አይዞሽ»ውም እኛ ቶሎ እንድንገላገል ነበር።

ዛሬ የጓሮ በሩ ቀርቷል፣ ጥድፊያው ግን መልኩን ቀይሮ አለ። አንዳንዶቻችሁ ፎርም ይዛችሁ ትገባላችሁ። «ሕፃኑን ለቤተሰቡ አሳይቻለሁ» ምልክት፣ «ፎቶ ተነስቷል» ምልክት፣ ደህና እደሩ። የናንተ ትውልድ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ይወዳል። ስልኩንማ ተዉት። ግን ደግሞ አልዋሽም፣ ከኛ ትሻላላችሁ። እኛ ማልቀስ ነውር ነው ተብለን አደግን፣ እናንተ ታለቅሳላችሁ፣ ደግ ነው። እሷ እናንተን እስክታባብል ድረስ ብቻ አይሁን።

እንግዲህ ምን ልበላት ላለችው። ትንሽ በይ። «በጣም አዝናለሁ» በቂ ነው። ወንበር ስቢና ተቀመጪ፣ የቆመ ሰው ሊሄድ ያለ ይመስላል። «ልጅ ነሽ፣ ገና ትወልጃለሽ» አትበዪ። እሷ የምትፈልገው ይሄኛውን ነው። «ሳትለምጂው መሆኑ ይሻላል» የሚሉም አሉ፣ ወራት ሙሉ ሲራገጥባት የከረመውን! ስም አውጥተውለት ከሆነ ጠይቂና በስሙ ጥሪው። ትንሽ በይ ብዬ ብዙ ነገር አዘዝኩሽ መሰለኝ።

«ምን አጥፍቼ ነው?» ማለቷ አይቀርም። እንግዴ ልጁም እትብቱም በደንብ ተመርምረው ምክንያቱ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። «ምክንያቱን እናገኛለን» ብለሽ ቃል አትግቢ። «ያንቺ ጥፋት ነው የሚያሰኝ ያየነው ነገር የለም» ማለት ግን፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ ደጋግመሽ ብትዪው አይበዛም።

ስለ ማሳየት። ማህፀን ውስጥ ከሞተ ሰዓታት ያለፉት ሕፃን ቆዳው መላጥ ይጀምራል። ከንፈሩ ይጠቁራል፣ የራስ ቅሉ ይላላል። ስለዚህ ሲታጠብ አይታሽም፣ በረጠበ ጨርቅ እየነካካችሁ ብቻ። ራሱን በመዳፋችሁ ደግፉ፣ ኮፍያ አድርጉለት። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከቆየ መልኩ ቶሎ አይለወጥም፣ ቤተሰቡም ጊዜ ያገኛል። ከመግባታችሁ በፊት ለእናትየው የምታየውን ንገሯት፦ «ጉንጩ ላይ ትንሽ ተልጧል፣ ከንፈሩ ጠቆር ብሏል፣ አፍንጫው የአባቱን ይመስላል።» ሰው በሐሳቡ የሚስለው ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው።

ያዢው ብላችሁ ግን አታስጨንቋት። እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ሞቶ የተወለደ ልጃቸውን ባቀፉ እናቶች ላይ በኋላ ድብርት በርክቶ አገኘሁ ብሎ ብዙ አነጋገረ። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ማየትና ማቀፍ ረድቷቸዋል አሉ። እኔ እስከማየው መጥፎው ነገር መገደድ ነው፣ በየትኛውም በኩል። እምቢ ካለች እሺ በሉ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እንደገና ጠይቁ። የእግሩን አሻራ፣ ፎቶውን፣ ከፈቀደች ጥቂት ፀጉር። አልፈልግም ካለች ፎቶውና አሻራው ፋይሏ ውስጥ ይቀመጥላት እንደሆነ ጠይቋት። ከዓመት በኋላ ልትመጣበት ትችላለች።

ሐዘኑ መሃል የሚረሳ የሕክምና ነገርም አለ። የደሟ ዓይነት አርኤች ኔጋቲቭ ከሆነ፣ ደሟ የሚቀጥለውን ልጅ እንዳይጎዳ የሚከላከለው አንቲ-ዲ የሚባል መርፌ ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ሁሉም ሰው ስለ ሕፃኑ እያሰበ ይዘለላል። ወተቱን የሚያቆም ካበርጎሊን የሚባል ኪኒን አለ፣ ግፊት ላለባት ግን አይሆንም። ያም ሆነ ይህ ወተቱ እንደሚመጣ ቀድማችሁ ንገሯት። ቤቷ ሄዳ ብቻዋን አትደንግጥ።

እንዲህ ያለ ነገር ስንቴ ያጋጥመኛል ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ሞተው የተወለዱት በዓለም ዙሪያ ወደ 1.9 ሚሊዮን ይጠጋሉ ተብሎ ተገምቷል። ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ምጥ ከጀመረ በኋላ የሞቱ ናቸው፣ ማለትም እኛው አጠገብ። እጃችሁን ታጠቡ፣ በር አንኳኩ ብዬ አልመክራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

ስትወጣ በሩ ድረስ ሸኟት፣ ስልክ ቁጥር ስጧት። ከዚያ ካርዷን ክፈቱና የሕፃን ክትባት ቀጠሮ ተይዞ እንደሆነ እዩ። ሕፃኑን ይዛ እንድትመጣ የሚያሳስብ ጥሪ ደርሷት ያየኋት እናት አለች። ቀጠሮው ካለ አሰርዙት። የቀኑ ተረኛ ያደርገዋል ብላችሁ አትሂዱ፣ ራሳችሁ ደውሉና መሰረዙን አረጋግጡ።