ላሜ ለምን በየ21 ቀኑ ትመለሳለች?

ጥያቄ፦ አዳማ አጠገብ ነው የምኖረው። የሆልስታይን ዲቃላ ላሜን ከየካቲት ወዲህ ሦስት ጊዜ አስዳቅያት፣ በ21 ቀኗ እየተመለሰች ድራት (ኮርማ የመፈለግ ምልክት) ታሳያለች። እህቷ በጥቅምት በአንዴ ነው የያዘችው። ጥፋቱ የአዳቃዩ ነው ወይስ የኮርማው?

መልስ፦ ሁለቱንም ከመውቀስዎ በፊት ልጠይቅዎ፤ ላሟ ከተዳቀለች በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት የት ዋለች? ጣሪያው ዝቅ ባለ፣ ነፋስ በማያስገባ የቆርቆሮ በረት ውስጥ ለሃጯን እያዝረበረበች ስታለከልክ ከዋለች እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሙቀቱን ነው።

አዲስ የተፈጠረ ሽል የራሱ ዘረመል ገና እንደተኛ ነው። የሚኖረው እናቱ በዕንቁላሏ ውስጥ በቋጠረችለት ስንቅ ነው፤ ፕሮቲኑም፣ ፕሮቲን የሚሠራበት ትእዛዝም ከእሷ የመጣ ነው። ሴሉ ሁለት፣ አራት እያለ ሲከፈል ስንቁ ይመናመናል። በላም ሽሉ ከ8 እስከ 16 ሴል ሲደርስ፣ ማለትም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ገደማ፣ የራሱ ዘረመል በሙሉ ኃይሉ ይነሣል። ከዚያ በፊት ብርቱ ሙቀት ካገኘው ራሱን የሚከላከልበትን ፕሮቲን እንደልቡ መሥራት አይችልም፤ ብዙውም እዚያው ይቀራል። ያቺን ደረጃ ካለፈ እየጠነከረ ይሄዳል። ሽሉ «አለሁ» ብሎ ለእናቱ ምልክት የሚሰጠው በ16ኛው ቀን አካባቢ ስለሆነ፣ ቀድሞ ከሞተ ላሟ ምንም እንዳልተፈጠረ በ21 ቀኗ ትመለሳለች።

ስለዚህ ጠዋት ድራት ካየችብዎ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ካየች በማግስቱ ማለዳ ያስዳቅሏት። አዳቃዩ ወደ እርስዎ ቢመጣ ይሻላል፤ በፀሐይ አይንዷት። ለአራት ቀን ጥላ ሥር ትዋል፣ ውሃ ከፊቷ አይጥፋ፣ መኖውን አመሻሽ ላይ ያብዙላት። ቆርቆሮውን ሣር ቢያለብሱት እሷም ይቀላታል፣ እርስዎም ወተቱ ላይ ያዩታል።

ስንቁ ግን በአንድ ቀን አይቋጠርም። ዕንቁላሉ ከመውጣቱ ከሁለት ሦስት ወር በፊት ማደግ ይጀምራልና የሚያዝያ ሙቀትና የመኖ እጥረት ሰኔ ላይም ሊታይ ይችላል። ዝናብ ገብቶ ወዲያው ባትይዝ ለቄራ አይቸኩሉ።

ለአራተኛ ጊዜ ከማስዳቀልዎ በፊት ግን ማሕፀኗን በእንስሳት ሐኪም ያስመርምሩ። ነጭ መግል መሰል ፈሳሽ ካለባት ችግሩ ሙቀት ብቻ አይደለም።