ግንባር ለማሳነስ ፀጉር ስናስተክል ሐኪሙን እንዴት እንምረጥ

ውድ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግንባርሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰፊ እንደ ነበር፣ ከዓመታት ሹሩባ በኋላ ደግሞ የግራና የቀኝ ማዕዘኑ እየሳሳ እንደ ሄደ፣ አሁን ፀጉር አስተክለሽ የፀጉርሽን መነሻ ዝቅ ለማድረግ እንደ ወሰንሽ ጽፈሻል። ከኢስታንቡል በስልክ የተነገረሽ 4,000 ግራፍት ነው፤ ሆቴሉና መኪናው በዋጋው ውስጥ ናቸው። በምትኖሪበት በዱባይ በአካል ያየሽ ሐኪም ግን 1,600 ግራፍት ብቻ ብሎ ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ ጠይቆሻል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ነው ያልሽው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሜሪላንድ የምኖር፣ ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ሥራ ያሠራሁ፣ ከዚያም በፊት አንድ ጊዜ ገንዘቤን የተበላሁ ሴት ነኝ። የምጽፍልሽ ያለፍኩበትን፣ በዚያም ምክንያት ተገድጄ የተማርኩትን ነው።

በቁጥሩ ልጀምር። ግራፍት የሚባለው በተፈጥሮ አንድ ላይ የሚበቅሉ ከአንድ እስከ አራት ፀጉሮችን ከነሥራቸው የያዘ ትንሽ የቆዳ ቅንጣት ነው። የፀጉርሽ መነሻ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው 14 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ እሱን በ1.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ማለት 21 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ መሙላት ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 40 ግራፍት ቢተከል 840 ይመጣል። የሳሱት ሁለቱ ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ሌላ 800 ይጨመርና ድምሩ 1,640 ይሆናል። የዱባዩ ሐኪም የተናገረው ቁጥር ከዚህ ስሌት ጋር መገጣጠሙ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ግንባርሽን ለክቶ ያገኘው ይመስላል።

4,000 የተባለው ግን ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ምናልባት የቆጠሩት ግራፍት ሳይሆን ፀጉር ነው፤ አንድ ግራፍት በአማካይ ሁለት ያህል ፀጉር ስለሚይዝ 4,000 ፀጉር ወደ 2,000 ግራፍት ይጠጋል፤ እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ያን ያህል አልተራራቁም፤ ነገሩም በአንድ የጽሑፍ ጥያቄ ይጣራል። በእርግጥ 4,000 ግራፍት ለማውጣት አስበው ከሆነ ግን እኔ ብሆን አልሄድም። ከኋላ ጭንቅላት የወጣ የፀጉር ሥር በቦታው ተመልሶ አይበቅልም። ለግንባሯ ብቻ 4,000 ያስወጣች ሴት ወደፊት መሐል አናቷ ቢሳሳ ወይም የመጀመሪያው ተከላ ቢበላሽ የምትመለስበት ጎተራ ባዶ ይሆንባታል።

እኔ የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የውጭ አገር ክሊኒክ አምስት ፎቶ ላኪልን አለኝ፤ በላክሁ በሃያ ደቂቃ ውስጥ 3,500 ግራፍት የሚል መልስ እስከ ዓርብ ብቻ ከሚቆይ ቅናሽ ጋር መጣልኝ። የምታነጋግረኝ ልጅ እጅግ ትሑት ነበረች። ሐኪሙን ላነጋግር ስላት ‹‹በዕለቱ ያገኙሻል›› አለችኝ፤ የሚሠራልኝ ማን እንደ ሆነ ስጠይቃት ደግሞ ‹‹ልምድ ያለው ቡድናችን›› አለች። እኔም ቀብድ ከፈልኩ። በኋላ ሐሳቤን ቀይሬ ገንዘቡ እንዲመለስልኝ ስጠይቅ ያቺ ትሑት ልጅ መልስ መስጠት አቆመች። ኢስታንቡል ውስጥ በሙያቸው የተከበሩ ሐኪሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የኔ ቅሬታ ከከተማው ጋር ሳይሆን ሐኪሙን ሳያሳዩ ዋጋውን ከሚያሳዩ ቦታዎች ጋር ነው።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ ለእጄ ሽፍታ የሄድኩባት የቆዳ ሐኪም ናት። ስለ ተከላው በወሬ መሐል ሳነሣባት፣ ብርሃን ያለውን ማጉያ ግንባሬ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየች፤ ቅንድቤንም በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ መስታወት ሰጥታኝ፣ ድሮ የፀጉሬ መነሻ በነበረበት ቦታ ላይ ቀጫጭንና አጫጭር ፀጉሮች እንደ ጥለት ጫፍ ተሰልፈው መቅረታቸውን አሳየችኝ። ሹሩባ ጎትቶ የሚነቅለው ሊያዝ የሚችለውን ረጅሙን ፀጉር ነው፤ ጣት የማይዛቸው አጫጭሮቹ ይተርፋሉ፤ በመጎተት የመጣውን መመለጥ ከሌላው ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱም ይኸው ነው። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በጉልበቶቿ መሐል አስቀምጣ ስትሠራኝ ዓይኔ ወደ ጆሮዬ እስኪሳብ ድረስ ታጠብቀው ነበር፤ በእኛ ሰፈር ልቅ ሹሩባ የሰነፍ ሥራ ነበርና።

ቅንድቤን የዳበሰችበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ፍሮንታል ፋይብሮዚንግ አሎፔሺያ የሚባል፣ በ1994 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸ ሕመም አለ፤ የግንባርን ፀጉር ሥር በብግነት እያጠፋ በጠባሳ ይተካል፤ ብዙ ጊዜ ቅንድብንም አብሮ ያሳሳል። እንዲህ ያለ ሕመም ባልበረደበት ቆዳ ላይ ፀጉር ቢተከል አዲሱም በዚያው ሕመም ይጠፋል። ለማረጋገጥ ትንሽ የቆዳ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ፤ ሕመሙ የለብኝም፤ የኔው የመጎተት ነበር። የደም ምርመራም አዘዘችልኝ፤ የብረት ክምችቴ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጥብቅ ሹሩባና በማጣበቂያ የሚያዝ ዊግ አቁሜ፣ ሚኖክሲዲል የሚባለውን ፀጉር የሚያሳድግ መድኃኒት እየቀባሁ ስምንት ወር እንድጠብቅ ነገረችኝ። በነዚያ ወራት ግራው ማዕዘን ላይ ከጠበቅሁት በላይ ፀጉር በራሱ ተመለሰ፤ ያ ሁሉ ባዶ መስሎ በፎቶ ተልኮ በግራፍት ተቆጥሮ ነበር!

እንግዲህ ለዱባዩ ሐኪም የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ‹‹ፀጉሬ የሳሳው ለምን ይመስልዎታል?›› የሚል ይሆን ነበር። ሹሩባ መሠራት ያቆምሽው መቼ እንደ ሆነ፣ በቅርቡ ወልደሽ እንደ ሆነ፣ እናትሽና እኅቶችሽ መሐል አናታቸው የሳሳ እንደ ሆነ ካልጠየቀሽ፣ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ምርመራው ጎድሏል።

ስምንቱ ወር ካለፈ በኋላ ሦስት ቀዶ ሐኪሞች ጋር በአካል ቀረብኩ። የመጀመሪያው ተከላውን ትቼ የራስ ቆዳዬን ወደ ፊት ስቦ ግንባሬን በአንድ ጊዜ የሚያሳጥር ቀዶ ጥገና እንዳሠራ መከረኝ። ዘዴው የታወቀ ነው፤ ቆዳዋ ልል ለሆነና ከተፈጥሮዋ ግንባሯ ሰፊ ለሆነች ሴት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ በአንድ ቀን ያወርዳል። ነገር ግን ጠባሳው የሚያርፈው በትክክል ፀጉሩ በሚጀምርበት መስመር ላይ ነው፤ የሳሱትን ማዕዘኖችም አይሞላም፤ የፊት ጠርዟ ወደፊት ሊሳሳ ለሚችል ሴት ደግሞ ያ ጠባሳ አንድ ቀን ይገለጣል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከሁለተኛው ሐኪም ነው። የመጀመሪያው ለኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ ለሚያብጥ ጠባሳ፣ የተጋለጥኩ መሆኔን እንኳ አልጠየቀኝም፤ ሁለተኛው ግን ገና ሳልቀመጥ የጆሮዬን ብሳት አገላብጦ አየ። ሦስተኛዋ መልካም ባለሙያ ነበረች፤ ዋጋዋን አልቻልኩትም።

ሁለተኛውን የመረጥኩበት ትልቁ ምክንያት የፀጉራችን ዓይነት ነው። ከርዳዳ ፀጉር ከቆዳው በላይ እንደሚጠቀለል ሁሉ ሥሩም ከቆዳው በታች የታጠፈ ነው። አንድ በአንድ በትንሽ ክብ ስለት እየበሱ የሚያወጡበት ኤፍ ዩ ኢ የተባለው ዘዴ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ የታጠፈውን ሥር መሐሉ ላይ ሊቆርጠው ይችላል፤ የተቆረጠ ሥር ደግሞ ከኋላም ጠፍቶ ከፊትም ላይበቅል ይችላል። በዚህ ፀጉር ላይ የሠራ ሐኪም የስለቱን ስፋትና አቅጣጫ ይለውጣል፤ ያልሠራ ሰው በፋብሪካ ፍጥነት ያወጣል። የኔ ሐኪም ከዋናው ቀን በፊት በማደንዘዣ 15 ግራፍት ብቻ አውጥቶ በማይክሮስኮፕ አሳየኝ፤ አራቱ ተቆርጠው ነበር። ‹‹ከአራት አንድ ልጥልብሽ አልፈልግም›› ብሎ ኤፍ ዩ ቲ ወደሚባለው ወደ ቀድሞው ዘዴ መለሰኝ፤ ይኸውም ከኋላ ጭንቅላት ቀጭን ረጅም ቁራጭ ቆዳ ተወስዶ፣ ቁስሉ ተሰፍቶ፣ ግራፍቶቹ በማይክሮስኮፕ ሥር የሚለዩበት ነው። ጠባሳው እንደ መስመር ይቀራል፤ ፀጉሯን አሳጥራ ለማትቆረጥ ሴት ግን ይሸፈናል፤ ራስንም መላጨት አያስፈልግም። ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ዘዴ ስም ነው፤ ሐኪሙ ግን የኔን ፀጉር አይቶ ዘዴውን ለወጠ።

ማን ምን እንደሚሠራ በግልጽ ጠይቂ። ግራፍቶቹን በተከፈቱት ቀዳዳዎች ውስጥ የሚያስገቡት በብዙ ጥሩ ክሊኒኮችም የሠለጠኑ ረዳቶች ናቸው፤ ያ ሊያስደነግጥሽ አይገባም። መስመሩን መሣል፣ ከኋላ ማውጣትና ቀዳዳዎቹን መክፈት ግን የሐኪሙ ሥራ ነው። ቀዳዳው የተከፈተበት ማዕዘንና አቅጣጫ ፀጉሩ ዕድሜ ልክ የሚተኛበትን ይወስናል፤ በሴት ግንባር ላይ ፀጉር ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ሊተኛ ምንም አይቀረውም፤ ቀና ብሎ ከተተከለ እንደ ብሩሽ ይቆማል። በ1993 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የፀጉር ንቅለ ተከላ ሐኪሞች ማኅበር ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች የሐኪሙን ሥራ ስለ መሥራታቸው ሕዝብን ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። አባልነቱ ብቻውን የእጅ ችሎታን አያረጋግጥም። የዱባይ ጤና ባለሥልጣን የሐኪሞችን ፈቃድ በስማቸው የምትፈልጊበት መዝገብ ስላለው ከሱ ጀምሪ፤ ኢስታንቡሎችንም የሐኪሙን ሙሉ ስም በጽሑፍ ጠይቂ፤ ስም ካልሰጡሽ መልሱን አግኝተሻል።

ፎቶን በተመለከተ፣ የወንድ ፎቶ ለአንቺ አይጠቅምሽም። የወንድ ግንባር በማዕዘኖቹ ወደ ኋላ ይገባል፤ የሴት ክብ ሆኖ ወደ ጎኖቹ ይወርዳል፤ ጠርዙም ወጣ ገባ ያለና በነጠላ ቀጫጭን ፀጉሮች የሚጀምር ነው። ከርዳዳ ፀጉር ያላቸው ሴቶች ከተሠሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው ከቅርብ የተነሡትን ጠይቂ፤ ፀጉሩ ግንባር ላይ የተለቀቀበት ፎቶ ምንም አያሳይም። የኔው ሐኪም ያሳየኝ አምስት ሴቶችን ብቻ ነበር፤ አንደኛዋ ውጤቷ ደካማ ነበር፤ ለምን እንደ ደከመም ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤን ያሳረፈው ያ ደካማው ፎቶ ነው።

በዕለቱ አስቀምጦኝ በሐምራዊ እስክሪብቶ መስመሩን ሣለ። እኔ አንድ ጣት ያህል ዝቅ እንዲል ፈለግሁ፤ እምቢ አለኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ተከራከርን፤ እስክሪብቶውን ሰጥቶኝ ራሴ እንድሥለው አደረገና፣ ያ የኔ መስመር ስንት ግራፍት ተጨማሪ እንደሚበላ ቆጥሮ አሳየኝ። በሱ ቀረ። 1,700 ግራፍት ተተከለልኝ፤ ባለ አንድ ፀጉሮቹ ተለይተው ከፊት ተደረደሩ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገርሽ፦ በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ወደ ዓይኔ ወረደ፤ በሦስተኛው ሳምንት የተተከለው ፀጉር ረገፈ፤ እንደሚረግፍ ተነግሮኝም አለቀስኩ። በአራተኛው ወር እንደ ሕፃን ፀጉር ብቅ አለ፤ የረካሁት ግን ከዓመት በኋላ ነው። የኋላ ጭንቅላቴ ለወራት ደንዝዞ ነበር። የቀኙ ማዕዘን ዛሬም ከግራው ትንሽ ይሳሳል፤ ሐኪሙም አይቶ አምኗል። አውሮፕላን ተሳፍረሽ የምትሄጂበትን ሐኪም ስታስቢ ይህን ዓመት አስቢው፤ በሦስተኛው ሳምንት ስትደነግጪ ማን ዘንድ ትሄጃለሽ?

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ወደ ዱባዩ አዘነብላለሁ፤ ነገር ግን መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም አይታኝ፣ እሱም በከርዳዳ ፀጉር የሠራቸውን ሴቶች አሳይቶኝ፣ ጥቂት ግራፍት በሙከራ ለማውጣት ከፈቀደ ነው። ሹሩባውን ግን ዛሬውኑ አላሊው። እኔ አሁንም ለፋሲካ እሠራለሁ፤ ሠሪዬ ከፊት ሁለት ጣት ያህል ፀጉር ሳትነካ እንድትተው መጀመሪያ ስነግራት ሥራዬን ታበላሺብኛለሽ ብላ ቅር ብሏት ነበር፤ አሁን ሳልነግራት በማበጠሪያዋ ጫፍ ለይታ ወደ ፊት ትጥለዋለች።